ዋንዛውን ያደረቀው

የያዙኝ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኬላው ጋ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። እንደተለመደው ሁላችንም ወረድን፤ ወንዶች ባንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተሰለፍን። ከቦርሳዬ የወጣው ይህ ነው፦ አንድ አጭር የማዳቀያ ቢላዋ፣ አንድ ጥቅል ቀጭን ፕላስቲክ፣ ግማሽ ዳቦ እና ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር።

ፈታሹ ቢላዋውን ከፍቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረው።

«ይሄ ጢም ይላጫል» አለ።

«ለማንጎ ነው» አልኩ።

«መርሳዎች ማንጎ በቢላዋ መብላት ጀመራችሁ?»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። ፈታሹ ደብተሩን ገለጠ። ክቦች ነበሩበት፤ ክብ ውስጥ ክብ፣ በክቦቹ መሐል ነጠብጣብ፣ ከጎን ደግሞ ቀስቶች። ገጽ በገጽ እንደዚያው ነው።

«ይሄ ቀስት ከየት ወዴት ነው?»

«ከሥር ወደ ቅጠል።»

«ይሄኛውስ?»

«ከቅጠል ወደ ሥር።»

ደብተሩን ዘጋው። ወደ ባልደረባው ዞሮ «ይሄ ይቆይ» አለ። ሚኒባሱ እኔን ትቶ ሄደ።

ሥራዬ መርሳ አጠገብ አንድ የፍራፍሬ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቋረጥኩት። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን የተማርኩት ልባሱ ከተገነጠለ አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍና ከራሱ ከእንጨቱ ነው። ማንጎ ስናዳቅል፣ ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ጠንካራ ሥር ባለው ችግኝ ላይ እንተክላለን። አብረውኝ የሚሠሩት አሥር አዳቅለው ስድስት ይጸድቅላቸው ነበር። ለምን አራቱ እንደሚደርቅ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም የደረቁትን እየሰነጠቅሁ ውስጣቸውን መሳል ጀመርኩ።

ያየሁት ይህ ነው። ግንድ ውስጥ ሁለት ዓይነት መተላለፊያ አለ። አንደኛው ዛይለም ይባላል፤ ውሃን ከሥር ወደ ላይ ያወጣል፤ እንጨት የምንለው እሱ ነው። ሁለተኛው ፍሎየም ነው፤ ቅጠል የሠራውን ስኳር ወደ ታች፣ ወደ ሥር ያወርዳል። የሚገኘው ልጡ ውስጥ ነው፤ ገበሬ ገመድ የሚያደርገው ልጥ። በሁለቱ መካከል ከወረቀት የቀጠነ እርጥብ ሽፋን አለ። የቅርንጫፉና የችግኙ ሽፋን ካልተነካካ ማንጎው ይደርቃል። ያን ቀን ወልድያ የምሄደው አንድ ግቢ ውስጥ ካለች ማንጎ ቅርንጫፍ ልቆርጥ ነበር።

የታሰርኩበት ቦታ ወልድያ ዳር ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ነው። እስር ቤት ተብሎ አልተሠራም። ክፍላችን ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የዩሪያ ነጭ ዱቄት ቀርቶ ነበር፤ ቀን ቆርቆሮው ሲግል ሽታው ተነስቶ ዓይን ያቃጥላል። ጣሪያው ሥር ወንፊት ሽቦ የተመታበት አንድ መስኮት አለ። በሩን ከኋላዬ ሲዘጉት አሥራ ሰባት ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ሰላምታዬን የመለሱት ሦስት ናቸው።

የክፍሉ ተጠሪ፣ ካቦ የምንለው፣ መነጽሩ በክር የተጠገነ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። አጠገቡ አስቀመጠኝና እግሬን አየ። ከዚያ እጄን አገላብጦ አየ።

«አልተነካህም» አለ።

«አልተነካሁም።»

«በምን ያዙህ?»

«በሥዕል።»

«የማንን ሥዕል?»

«የግንድ። የግንድ ውስጥ።»

ጥግ ላይ የተኛ አንድ የሐራ ልጅ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ በክርኑ ተደግፎ ተነሣ። «ሰውዬ፣ ከዚህ የተሻለ ውሸት አልሰጡህም?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ካቦው አልሳቀም። ቦታዬን ከሽንት ባልዲው አጠገብ አደረገው።

እኔ ሲጨንቀኝ እቆጥራለሁ። የጣሪያውን ሚስማሮች ቆጠርኩ፤ በአንዱ ቆርቆሮ ላይ ሃያ ስድስት ናቸው። ከበሩ እስከ ግድግዳው አሥራ አራት እርምጃ ነው። በሁለተኛው ቀን ለካቦው «አዲሱ ልጅ ሰው ይቆጥራል» ብለው ነገሩት። ብዙ የሚያወራ ሰው እዚያ ውስጥ ይታመናል፤ ከአፉ የሚወጣውን ሁሉም ይሰማዋልና። ዝም የሚል ሰው ግን የሰማውን ወዴት እንደሚያደርሰው አይታወቅም። እኔ አጠገባቸው ስደርስ ወሬው ወደ ኳስ ይዞር ነበር። ኳስ የማይወዱት እንኳ ስለ ኳስ ያወራሉ።

ከእኔ ሌላ በጎሪጥ የሚታይ አንድ ሰው ነበር። «አባ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከጉባላፍቶ ደጋ የወረዱ፣ የዚሁ ግቢ ዘበኛ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ግቢ ውስጥ ነው የታሰሩት። ጠባቂዎቹ በስም ያውቋቸዋል፤ አንዳንዴም ሻይ ያቀብሏቸዋል። ሻዩን ሲጠጡ ክፍሉ በሙሉ ያያቸዋል። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይጠጣሉ።

«ዋንዛውን መርዘሃል ብለው ነው» አለኝ የሐራው ልጅ አንድ ቀን፣ ሊፈትነኝ ይሁን ሊያጫውተኝ አላወቅሁም። «ስብሰባ የሚካሄድበትን ዛፍ። ከጫካ ትእዛዝ መጥቶልህ ነው ብለዋቸዋል። በጀሪካን የሆነ ነገር ሥሩ ላይ ሲደፉ ታይተዋል።»

«ምን ነበር ጀሪካኑ ውስጥ?»

የልጁ ፊት ወዲያው ተለወጠ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» ብሎ ዞረ።

ዋንዛው ግቢው መሐል ቆሟል። ጠዋት ወደ ሽንት ቤት በመስመር ስንወጣ በአምስት እርምጃ ርቀት እናልፈዋለን። ስንሄድ አንድ ጊዜ፣ ስንመለስ አንድ ጊዜ። አራት ቀን ሙሉ በዚያች ጊዜ ሌላ ነገር አላየሁም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሣሩን ነው። ግንዱ ሥር ያለው ሰርዶ አረንጓዴ ነበር። መርዝ ቢደፋ ኖሮ አስቀድሞ የሚሞተው ሰርዶው ነው። በሁለተኛው ቀን ግንዱን አየሁ። ከአንድ ሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ እጅ ዘርግቶ በማይደረስበት ቦታ፣ ዙሪያውን ወፍራም እብጠት አለው፤ ቀለበት ይመስላል። ከእብጠቱ በላይ ግንዱ ወፍራም ነው፤ ከእብጠቱ በታች ቀጭን። ዛፍ ወደ ላይ ሲሄድ እየቀጠነ ነው የሚሄደው፤ ይህ ግን ተገልብጧል። በሦስተኛው ቀን ከእብጠቱ ውስጥ የወጣ፣ የጣት ግማሽ የሚያህል የተጠመዘዘ ዝገት አየሁ። በአራተኛው ቀን ዝገቱ የሽቦ ጫፍ መሆኑን አረጋገጥኩ።

«አንተ! ምን ትለካለህ?» አለኝ ጠባቂው።

«ምንም።»

«ወደፊት እያየህ ሂድ።»

ከኋላዬ የነበሩት እስረኞችም ምን እንዳየሁ ለማየት ቀና አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

በስድስተኛው ቀን ተጠራሁ። መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ደብተሬ ተከፍቶ ነበር። ዕድሜው ከእኔ በአሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ሲያዳምጥ የሰውን አፍ እንጂ ዓይን የማያይ ሰው ነው። ክቦቹን አንድ በአንድ አስረዳኝ አለ። አስረዳሁት። ውሃ የሚያወጡት የዛይለም ቱቦዎች የሞቱ ሴሎች መሆናቸውን ስነግረው እጁን አነሣ።

«የሞተ ነገር ውሃ ያወጣል?»

«ቱቦ ነው። ባዶ መሆኑ ነው ሥራው። ልጡ ውስጥ ያሉት ግን ሕያው ናቸው።»

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ማንም የሚባል ሰው አላውቅም» አለ። ሆኖም ደብተሩን ወደ ጎን ገፋው። «ተክል ታውቃለህ ማለት ነው። ጥሩ። ዲፕሎማ ያላቸው ሁለት ሰዎች ጠይቄአለሁ። መርዝ ነው ብለው አልጻፉም፤ አይደለም ብለውም አልጻፉም። ሁሉም ፈሪ ነው። ሐሙስ መኪና ይመጣል። የሽማግሌው ፋይል ላይ አንድ የባለሙያ ወረቀት ይጎድላል።»

መኪናው ምን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ያውቃል። በሱ የሄዱት ሩቅ ቦታ ነው የሚወሰዱት። እኔ እስከገባሁበት ቀን ድረስ ከሄዱት ከአንዳቸውም ወሬ አልመጣም።

«ባለሙያ አይደለሁም» አልኩ። «ሠራተኛ ነኝ።»

«እኔ ባለሙያ ካልኩህ ባለሙያ ነህ። ዋንዛው በመርዝ ነው የደረቀው ብለህ ጻፍ። ነገ ማንጎህን ቆርጠህ ቤትህ ትገባለህ።» ሁለት ነጭ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ሰጠኝ። «እስከ ነገ ጠዋት።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው ወደ ክፍሉ የተመለስኩት። ከዚያ የከፋ ነገር ይዞ መግባት አይቻልም ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ገደማ ነው፤ ቆርቆሮው የጋለበት። ካቦው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«ስንት ስም ጠየቀህ?»

«ስም አልጠየቀም።»

«ታዲያ ወረቀቱ ለምንድን ነው? ለእናትህ ልትጽፍ ነው?»

«ስለ ዋንዛው ነው።»

አሥራ ስድስት ሰው ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሳቸው አልዞሩም። ግድግዳውን እያዩ ነው የተናገሩት።

«እኔን አታስገባኝ፣ ልጄ።»

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጀሪካኑ ውስጥ...»

«ስለዛፉ የጠየቀኝ ሁለተኛው ሰው አንተ ነህ» አሉ። «የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

የሐራው ልጅ ከተጋደመበት ተነሣ። «ካቦ፣ ይሄን ሰውዬ በር ላይ እናስተኛው። ለመውጣትም ይቀርበዋል።» አንዳንዶቹ ሳቁ። እጄ ውስጥ ያለው ወረቀት በላብ መርጠብ ጀምሮ ነበር። መርማሪው ያለኝን በሙሉ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ነገርኳቸው። ሐሙስን፣ መኪናውን፣ የጎደለውን ወረቀት፣ ማንጎዬን። እንዲያምኑኝ አልጠበቅኩም። ደግሞም አላመኑኝም። ካቦው «ደግ ሰው ሆነህ ነው የነገርከን፣ ወይስ ንገራቸው ተብለህ?» አለኝ። የዚያን ጥያቄ መልስ የትኛውም ሰው ሊያረጋግጠው አይችልም።

በቃል እንደማይሆን ሲገባኝ ከብርድ ልብሴ ጠርዝ አንድ ክር መዘዝኩ። ሽማግሌው ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ክሩን በግራ እጄ ሌባ ጣት ላይ፣ ከመካከለኛው አንጓ በላይ ሁለት ጊዜ አዞርኩና በጥርሴ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት።

«ምን እያደረክ ነው?» አሉ።

«ትንሽ ይጠብቁ።»

መጀመሪያ ጫፉ ቀላ። ከዚያ አበጠ። ከክሩ በላይ ያለው ወፈረ፤ ከክሩ ሥር ያለው እንደነበረ ቀረ። ከዚያ መጥቆር ጀመረ። ሁለት ሦስት ሰዎች ቀረብ አሉ።

«ደሙ ወደ ጫፉ ሲመጣ ውስጥ ውስጡን ስለሆነ ያልፋል» አልኩ። «ሲመለስ ግን በላይ በላይ ነው፤ ክሩ ያንቀዋል። ዛፍም እንዲሁ ነው። ውሃው ወደ ላይ የሚወጣው በእንጨቱ ነው፤ ቆዳውን ብታንቀው ውሃው አይቀርም። ቅጠል የሠራው ምግብ ግን የሚወርደው በልጡ ነው። ልጡ ከታነቀ ምግቡ ከላይ ይጠራቀማል፤ ከላይ ያብጣል። ሥሩ ይራባል። ዓመት ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ እንዲያውም አበባው ይበዛል።»

ሽማግሌው ጣቴን ያዩ ነበር።

«አምና አበባው ነጭ አድርጎት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ንቡ! ግቢው ውስጥ መግባት አይቻልም ነበር። በረከት ነው ብለን...» ቀና ብለው አዩኝ። ከገባሁ ጀምሮ ፊቴን ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ሽቦው ነው?»

«ሽቦው ነው፣ አባ።»

«ፍታው፣ ጣትህን ፍታው» አሉ።

ፈታሁት። ሲፈታ ያቃጥላል።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አሉ። ይህን ያሉት ለእኔ አይመስለኝም። «አራት ዓመቱ። ስብሰባ ነበር፣ ባነር ልሰቅል። በገመድ ሲሆን ነፋስ ይጥለዋል፤ በጥቁር ሽቦ አጥብቀህ እሰር አሉኝ። አጥብቄ አሰርኩት። ባነሩ ወረደ፣ ሽቦው ቀረ። ልፍታው ስል፣ ሌላ ስብሰባ ይመጣል፣ ተወው አሉኝ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ዘንድሮ ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃ የጠማው መስሎኝ ነው። ከቧንቧው በጀሪካን አመላለስኩለት። ማታ ማታ፣ ፀሐይ ሲበርድ። ያንን ነው ያዩት።»

የሐራው ልጅ ወደ ቦታው ተመለሰና ተጋደመ። ካቦው ግን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «አሁን ማን እንዳሰረው ታውቃለህ» አለኝ። «ነገ ሲጠይቅህ ምን ልትል ነው?»

የጨነቀኝም እሱ ነው። መርዝ ብዬ ብጽፍ ሽማግሌው ይሄዳሉ። ሽቦ ብዬ ብጽፍ፣ ያሰረው ማነው ይለኛል፣ ሽማግሌው ይሄዳሉ። ከሰዓቱን ሙሉ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሲመሽ የጻፍኩት ዘጠኝ መስመር ነው። ሰርዶው አረንጓዴ መሆኑን፣ እብጠቱ ስንት ጣት እንደሚወፍር፣ ሽቦው ስንት ዓመት ሊሆነው እንደሚችል። ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። ሽቦው ሲታሰር አላየሁም፤ ስለዚህ ስለ ማሰሩ አልጻፍኩም።

ጠዋት መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሽማግሌው ነው ያስጻፈህ።»

«እሳቸው ማንበብም አይችሉም።»

«ካቦው ነው እንግዲህ።»

«ዛፉ እዚሁ ነው፤ ወጥተው ሊያዩት ይችላሉ» አልኩ።

የማይጠረጥረው ሰው አልነበረም፤ የበላዮቹንም ጭምር ሳይጠረጥር አይቀርም። ተነሣ። መሰላል አስመጣ። ሽማግሌውን አስጠራ። የገዛ ቢላዬን ሰጠኝ፤ ጠባቂው ከመሰላሉ ሥር ጠመንጃውን አስተካክሎ ቆመ። ወጣሁ። ከእብጠቱ በላይ በመስኮት ቅርጽ ቆረጥኩ፤ ልጡ ወፍራም ነው፣ ርጥበት ነበረው። ከእብጠቱ በታች ቆረጥኩ፤ ቡናማ ነው፣ ደርቆ ይሰባበራል። ከደረቀው ልጥ ሥር ያለውን እንጨት ጫር አደረግሁት፤ እሱ ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። እብጠቱን ስሰነጥቀው ሽቦው ከነጥምዝዙ ወጣ። ከሽቦው ጋር አብሮ የተዋጠ፣ የባነር ጨርቅ ጥግ ነበረ። ሰማያዊ ቀለሙ አልጠፋም።

ወርጄ ለመርማሪው አሳየሁት። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ያዘ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ዓይኑ ግን ወደ ቢሮዎቹ መስኮት ሄዶ ተመለሰ።

«ይሄን ማን ነው ያሰረው?»

ያዘጋጀሁት መልስ «ሲታሰር አላየሁም» የሚል ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሽማግሌው ተናገሩ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ። መሰላሉን ከዕቃ ክፍል ፈርሜ ነው የወሰድኩት፤ ጣቴን ቀለም ነክሬ። ፈልጉት፣ አለ። ሽቦውን የሰጠኝም ዕቃ ክፍል ነው። ያዘዘኝን ትጠይቀኝ እንደሆነ፣ ስብሰባ ሲኖር ማን እንደሚያዝዝ ታውቃለህ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ዛፍ አውቃለሁ ስል፣ እንዲህ እንደሚሆን አላወቅሁም።»

ይህን ሲሉ ቀጥ ብለው ቆመው ነው። መርማሪው «ይመለሱ» አላቸው። ከአንተ ወደ አንቱ ሲዞር ያን ጊዜ ሰማሁት። እኔን ወደ ቢሮው አስገባኝ።

የጻፍኩትን ወረቀት ለሁለት ቀደደው። በሌላ ወረቀት ላይ ራሱ ጻፈና ወደ እኔ ገፋው። «በግቢው የሚገኘው የዋንዛ ዛፍ ባልታወቀ ምክንያት ደርቋል» ይላል።

«ፈርም። ሽማግሌው ሐሙስ አይሄድም።»

እስክሪብቶውን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ይታወቃል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ምክንያቱ። ሁላችንም አይተነዋል።»

«ስማ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽቦ የሚል ቃል፣ ባነር የሚል ቃል፣ እዚህ ፋይል ውስጥ አይገባም። ከገባ ለሽማግሌውም ለእኔም አይበጅም። ፈርም፣ ወይም ሐሙስ ይሄዳል።»

አንድ ቃል ነው። ማንም አይጠይቀኝም። ግን ያን ወረቀት አንድ ቀን አንድ ሰው ቢያነበው፣ ምክንያቱ ስላልታወቀ እንደገና ይፈለግ ይሆናል፤ የሚፈለገውም እሳቸው ላይ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«‹ሥሩ ላይ የፈሰሰ መርዝ የለም› የሚል ይግባበት» አልኩ። «‹ባልታወቀ› የሚለው ይውጣ።»

«በምን ይተካል?»

«‹ምክንያቱ በዚህ ወረቀት ላይ አልተጻፈም› ቢሉት።»

ተንኮሉን እየፈለገ አየኝ። ወረቀቱን አየ። እንደገና አየኝ። «ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ያው ነው። አልተጻፈም።»

በአፍንጫው ሳቀ፤ ከሳቅ ከተቆጠረ። በአዲስ ወረቀት ጻፈው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩና ፈረምኩ። ቀኑንም ጻፍኩበት።

«ሽማግሌው ይቀራል» አለ ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ እያስገባ። «አንተም ግን ትቆያለህ። እንዲህ ቃል የሚመርጥ ሰው ያሰጋኛል።»

ሐሙስ መኪናው ጠዋት መጣ። ሽማግሌው ከንጋት ጀምሮ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ተቀምጠው ነበር። የነገርኳቸውን ወረቀት አላመኑትም። በሩ ላይ አምስት ስም ተጠራ። የእሳቸው አልነበረበትም። በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ድምፁ እስኪርቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ፈቱ። አንዱን ፈተው ሁለተኛውን ሲይዙ እጃቸው እንቢ አላቸው፤ የሐራው ልጅ ሄዶ ፈታላቸው።

ካቦው ቦታዬን ከባልዲው አራቀልኝ። ሆኖም እስከ መጨረሻው ቀን፣ እኔ ስቀርብ ወሬው ወደ ኳስ መዞሩን አልተወም። ሽማግሌው እኔ በገባሁ በዘጠነኛው ቀን ተፈቱ። እኔ በሃያ ሦስተኛው።

ባለፈው ዓመት ወልድያ፣ ገበያው አጠገብ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ሁለታችንም መጀመሪያ ወደ ኋላችን አየን፤ ከዚያ ነው የተሳሳምነው። ዘበኝነቱን አልመለሱላቸውም። እርሻቸው ላይ ናቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ሊሰናበቱኝ ሲሉ እጄን ያዙና ቆሙ።

«ሌሎች ዛፎችም ላይ አስሬ ነበር» አሉ። «ሦስት ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ እያዋሱኝ ነበር ለባነር። እንደወጣሁ መሰላል ተበድሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ‹ደግሞ ምን ልትሰቅሉ ነው?› አሉኝ። ‹ላወርድ ነው› አልኳቸው።»

«አስገቡዎት?»

«ሁለቱ አስገቡኝ። አንዱ ገና ነበር፣ ሽቦው ቆዳውን ብቻ ነው የበላው፤ ይድናል። ሦስተኛው ጋ ግን መለሱኝ። ስሜን ጽፈው።»

«ሦስተኛው የት ነው?» አልኩ። በችግኝ ጣቢያው ስም ደብዳቤ አጽፌ ልገባ እችል ነበር። እያሰብኩ የነበረው ያንን ብቻ ነው።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። በስተቀኝ አዩ፣ በስተግራ አዩ።

«እሱን ደግሞ ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ።

አልተቀየምኳቸውም። እኔም ብሆን አልናገርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወልድያ በሄድኩ ቁጥር በየግቢው አጥር ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ ግንድ እፈልጋለሁ፤ ከላይ የወፈረ፣ ከታች የቀጠነ። ብዙ አልቆምም። ቆሞ የሰው ግቢ የሚያይ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ።